ግመልህን እሰር፤ ሙያም ያዝ

 

ውድ ወንድሜ! ዛሬ ብዙ ወጣቶችን እንቅልፍ ስለሚነሳ አንድ ጥያቄ እንመካከር። በአንድ በኩል በሞተር ወይም በባጃጅ ዕቃ ማድረስ አለ፤ ገንዘቡ ማታውኑ ኪስህ ይገባል። በሌላ በኩል ጋራዥ ወይም ብየዳ ቤት ገብቶ ሙያ መልመድ አለ፤ ለወራት ከሻይና ከምሳ የማያልፍ ይሰጥሃል። እናትህ ደግሞ የቤት ኪራዩን ከአንተ ትጠብቃለች። የቱን ትመርጣለህ?

መጀመሪያ፣ አንዱንም አትናቅ። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ለመካ ሰዎች በግ ጠብቀዋል፤ የእናታችንን የኸዲጃን (ረ.ዐ) ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም ተጉዘዋል። የሰውን ዕቃ በአማና ማድረስ እሳቸው የሠሩት ሥራ ነው። ነቢዩላህ ዳውድም (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ጥሩር እየሠሩ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጺ ነበሩ።

ነገር ግን ሁለቱም ሐላል ናቸው ማለት ሁለቱም እኩል ይዘልቃሉ ማለት አይደለም። ከድሬዳዋ ብዙም የማትርቀውን ጀልዴሳን ተመልከት። ድሮ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ቅፍለት በጀልዴሳ ያልፍ ነበር። ግመል ይራገፍባታል፣ ቀረጥ ይከፈልባታል፣ ብዙ ሰው ከጭነት ይበላ ነበር። በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ። ንግዱም ፊቱን ወደ ድሬዳዋ አዞረ። ግመለኞቹ ስለሰነፉ አይደለም፤ መንገዱ ነው የተቀየረው።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የባቡሩ ወርክሾፕ ብረት የሚቆርጡ፣ የሚበይዱ፣ ሞተር የሚፈቱ እጆችን ፈለገ። ያ ባቡርም በተራው አርጅቶ በ2009 ዓ.ም በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ተተካ። ብየዳ የሚያውቅ እጅ ግን ሌላ በር ማንኳኳት ይችላል። ሸክም መንገዱ ሲዘጋ ይቆማል፤ ሙያ ባለቤቱ በሄደበት አብሮት ይሄዳል።

«እንግዲያው ሞተሩን ልተወው?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። የሚያስተዳድሩትን ሰው ማስራብ ወንጀል እንደሆነ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ቤተሰብህ የዛሬውን እራት ከአንተ የሚጠብቅ ከሆነ ማድረሱን ሥራ፤ በኒያህ ዒባዳ ይሆንልሃል። ግን የነገውን አትርሳ። ግመሉን ፈትቶ በአላህ ልመካ ላለው ሰው ረሱል አስረህ ተመካ ነው ያሉት። የዛሬው ግመል ማሰር እንዲህ ነው፦ ጠዋት ብታደርስ ከሰዓት ሙያ ተማር። የራስህን ሞተር ፍሬንና ካርቡሬተር ከመካኒኩ ጎን ቆመህ እየጠየቅህ እወቅ። ከቻልክ እንደ ኢትዮ-ጣሊያን ፖሊ ቴክኒክ ካሉ ኮሌጆች ገብተህ የብቃት ምዘናውን ውሰድ።

ከመወሰንህ በፊት ግን እነዚህን ራስህን ጠይቅ፦

አንደኛ፣ የምጭነው ምንድን ነው? «ዝም ብለህ አድርስ፣ እጥፍ እንከፍልሃለን» የተባለ ዕቃ ኮንትሮባንድ ወይም ሐራም ከሆነ በረካውን ይዞብህ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ በምን ተገዛ? በወለድ ብድር ከሆነ ተጠንቀቅ። እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮችን ጠይቅ፤ አለዚያም በኪራይ ጀምር።

ሦስተኛ፣ ኡስታው በእርግጥ ያስተምረኛል ወይስ ሻይ ሲያስመጣኝ ዓመት ያልፋል? ስንት ወር እንደምትቆይና ምን እንደምትለምድ ተነጋገሩና ጻፉት። ቁርኣን ብድርን እንድንጽፍ ያዘዘን ከጥርጣሬና ከጠብ እንድንድን ነውና።

አራተኛ፣ የቱ ሥራ ሶላቴን ያስጠብቀኛል? የጁሙዓ አዛን ሲሰማ ዕቃው ቢዘገይ ይዘግይ።

ከዚያ ወላጆችህንና ሙያውን የሚያውቅ ሰው አማክር፤ ሁለት ረከዓ ሰግደህ ኢስቲኻራ አድርግ። ኢስቲኻራ ሕልም መጠበቅ አይደለም፤ ጉዳይህን ለአላህ ሰጥተህ እግርህን ማንሳት ነው። እህቴ፣ ልብስ ስፌትም ሆነ ኤሌክትሪክ ለመማር ለምታመነቺው ላንቺም ምክሩ ይኸው ነው።

ያ አላህ! ሐላሉን አብቃቃን፣ ከሐራሙ ጠብቀን። እጃችንን ለሙያ፣ ልባችንን ላንተ አድርግልን። አሚን።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍንና በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ። ሥራ ለሚያማርጥ ጓደኛችሁም አድርሱለት።