በወንዝ ዳር የተዘጋጀ ቁርስ



ሐዋርያት ከተላኩበት አገልግሎት ተመልሰው የሠሩትንና ያስተማሩትን ሁሉ ለጌታ በነገሩት ጊዜ፣ እርሱ ያዘዛቸው ሌላ ሥራ ሳይሆን ወደ ምድረ በዳ ገለል ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ነበር (ማር. 6፥30-31)። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አንብበነዋል፤ ሰብከንበታልም። እንደ ትእዛዝ የተቀበልነው ግን አይመስለንም። ከሰኞ እስከ እሑድ በየመንደሩ የሚመላለስ ካቴኪስት አንድ ሳምንት ቢያርፍ እንደ ሰነፍ የሚቆጠር ይመስለዋል፤ እኛ ካህናቱም ይህን አስተሳሰብ በራሳችን ሩጫ አጽንተንበታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ዐሥራ አንድ ሆነን ወደ ባሌ ተራሮች የሄድነው ስለዚህ ነበር። ጉባኤ አልነበረንም፤ አጀንዳም አልያዝንም። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዲንሾ አካባቢ፣ ፈቃድ ተቀብለን በወይብ ወንዝ ዳር ሦስት ድንኳን ተከልን። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለማያንስ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ማለዳ ሣሩን ውርጭ ለብሶ አገኘነው። ከጽድና ከኮሶ ዛፎች መካከል የደጋ አጋዘን ወጥቶ ሳይደነግጥ ሲመለከተን፣ ከመካከላችን ቃል የተናገረ አልነበረም።

በዚህ ወንዝ የሚጠመደው ትራውት የተባለው ዓሣ ለሀገሩ እንግዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ቀዝቃዛና ንጹሕ ወራጅ ውሃ ይወዳል። ፊቱንም ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ መልሶ ይቆማል። ስለዚህ አጥማጁ ከበታቹ ሆኖ፣ ጥላውን በውሃው ላይ ሳይጥል፣ ድምፁን አጥፍቶ መጠበቅ አለበት። ዝም ማለት ለማይሆንላቸው ሰባክያን ይህ ቀላል ትምህርት አልነበረም።

አብረውን ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማሩ አንድ መምህር ነበሩ። የተማሪዎቻቸውን መዝገብ በሻንጣቸው ይዘው መጥተዋል። ቀድሞ በየዓመቱ ሠላሳና አርባ ሰው ለጥምቀት ያዘጋጁ ነበር፤ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማና ወደ ዓረብ ሀገር እየሄደ በዚያ ዓመት የቀሩላቸው ሦስት ብቻ ነበሩ። ሪፖርቱን ማቅረብ እንዳሳፈራቸው፣ አገልግሎቱንም ሊተዉ እንዳሰቡ በመጀመሪያው ምሽት እሳት ዳር ነገሩን። ለማጽናናት ብዙ ተናገርን። አሁን ስናስበው ግን እኛም ያወራነው ስለ ቁጥር ነበር፤ አይዞዎት፣ ለከርሞ ይጨምራሉ አልናቸው።

በማግሥቱ መምህሩ ቀኑን ሙሉ መንጠቆ ይዘው ተቀመጡ። ሌሎቻችን ስድስት ዓሣ ስንይዝ እርሳቸው አንድም አልያዙም። ወደ ማታ ዓሣው በጨውና በሚጥሚጣ ታሽቶ ፍም ላይ ሲጠበስ፣ ራቅ ብለው እንጨት መልቀም ጀመሩ፤ እንጨት ግን ከበቂ በላይ ነበረን። ከሁላችን የሚያንሰው ወጣት ትልቁን ዓሣ በዳቦ ላይ አድርጎ ወሰደላቸው።

«እኔ እኮ ምንም አልያዝሁም» አሉት።

«ጋሼ፣ ማን ጠየቀዎት? ሳይቀዘቅዝ ይብሉ» አላቸው።

በዚያ ሌሊት የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን በባትሪ ብርሃን አነበብን። ደቀ መዛሙርት ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ምንም አላገኙም፤ በጌታ ቃል መረቡን በቀኝ በኩል በጣሉ ጊዜ 153 ታላላቅ ዓሦች ያዙ። ሰባኪ ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ ይቆማል፤ እኛም ስንት ጊዜ ቆመንበታል! ነገር ግን ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ወደ ምድር በወጡ ጊዜ የፍም እሳት፣ በላዩም ዓሣ፣ እንጀራም ተዘጋጅቶ አገኙ (ዮሐ. 21፥9)። መረቡ ገና ወደ ምድር አልተጎተተም፤ ዓሣውም አልተቆጠረም። ከያዙት እንዲያመጡ የጠየቃቸው ከዚያ በኋላ ነው። ድካማቸውን አልናቀም፤ ቁርሱ ግን የእነርሱን መረብ የሚጠብቅ አልነበረም። ጴጥሮስም በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ የተቀበለው ከበላ በኋላ ነው።

ይህን ስንል ስንፍናን ማመስገናችን አይደለም፤ መዝገብ መያዝም ተገቢ ነው። ቅዱስ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ጌታ ቀን ሐዋርያዊ መልእክት የጻፉት አባት፣ በፖላንድ ካህን ሳሉ ወጣቶችን ይዘው ወደ ተራራና ወደ ወንዝ ይወጡ፣ የተገለበጠ ታንኳ መሠዊያ አድርገው ይቀድሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ለኤጲስ ቆጶስነት ሲታጩ ጥሪው የደረሳቸው በታንኳ ጉዞ ላይ ነበር፤ ሹመቱን ተቀብለው ወደ ወንዙ ተመለሱ። ሥራ ፈት ነበሩ የሚል ግን አልሰማንም።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ መንጠቋቸውን ይዘው ከሁላችን ቀድመው ወደ ወንዙ ወርደው ነበር። እስከ ረፋድ ምንም አልያዙም። ሲመለሱ ቁርስ ደርሷልና ሳይጠሩ መጥተው ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጡ። መዝገቡን አላወጡም። ስለ ሦስቱ ተማሪዎቻቸው ግን፣ ስማቸውን እየጠሩ፣ የማን ልጆች እንደሆኑና ምን ምን እንደሚጠይቋቸው፣ ሻዩ እስኪያልቅ ድረስ አጫወቱን።