የጓሮ መሬታችንና የኤርምያስ ደብዳቤ



ሕዝበ እስራኤል በባቢሎን በምርኮ ሳለ ነቢዩ ኤርምያስ አንድ ደብዳቤ ላከለት (ኤር. 29)። በዚያ ወራት ሐናንያ የተባለ ሰው፣ ምርኮው በሁለት ዓመት ውስጥ ያበቃል እያለ ይሰብክ ነበር። ቃሉ ለጆሮ ጣፋጭ ነበረ፤ እውነት ግን አልነበረም። ኤርምያስ ግን ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉና ፍሬውን እንዲበሉ ጻፈላቸው። ዘመኑ ረጅም መሆኑን አልሸሸገም፤ ተስፋቸውንም አልነጠቀም። ተስፋቸውን በእጃቸው ሥራ እንዲያጸኑት አዘዛቸው እንጂ።

እኛስ? የኑሮ ውድነት ማዕዳችንን መጉዳት ከጀመረ ዓመታት ተቈጥረዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ሸክሙ አልቀለለም። በሮቤና በጎባ ገበያ ዘንቢሏን አንጠልጥላ የምትዞር እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ብዙዎቻችን ግን «ነገ ይረክሳል» እያልን፣ እንደ ሐናንያ ሁለት ዓመት እንቈጥራለን።

ባሌ የስንዴና የገብስ አገር ናት። ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት ከመቂና ከባቱ ተጭነው ቢመጡ አያስነቅፈንም፤ ብርዳችን አይስማማቸውምና። ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቀይ ሥር ግን ደጋችንን ይወዱታል። ዝናቡም በበልግና በመኸር ሁለት ጊዜ ይጐበኘናል። ጎመን ከሥር ከሥሩ ቢቀነጠስ ለወራት ይበላል፤ ድንች በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል። ውርጭ የሚያሰጋው ችግኙን ሌሊት በሣር ይሸፍን። የወጥ ቤት ጥራጊና ፍግ በጉድጓድ ቢበሰብስ አፈሩን ያወፍራል። ጓሮ የሌለው ተከራይም በአሮጌ ማዳበሪያ ጆንያ አፈር ሞልቶ ጎመን ሊተክል ይችላል።

እኔም በደሌን ልናገር። ስለ ትዕግሥት በሰበክሁበት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በኪራይ ቤት የምትኖር አንዲት እናት ቀርባ፣ «አባ፣ ትዕግሥቱስ አለኝ፤ ያጣሁት ጎመን የምተክልበት መሬት ነው» አለችኝ። ዞር ብዬ የቁምስናውን ግቢ አየሁ፤ ሣር ለብሶ ተኝቷል። ለእኔም ማዕድ ጎመኑ የሚገዛው ከገበያ ነበር። አፈርሁ። እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው ሊያለማትና ሊጠብቃት መሆኑን (ዘፍ. 2፥15) ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! በዚያ ሣር ፋንታ ዛሬ የጎመንና የድንች መደቦች አሉ፤ የሚያርሱአቸውም መሬት የሌላቸው ቤተሰቦች ናቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጓሮ የደመወዝን ማነስ አይተካም፤ ለሠራተኛ የሚገባውን ፍትሕም አያስቀርም። ስለዚህ ማንም «ድኻው ቢተክል ኖሮ ባልተራበ» ብሎ አይፍረድ። አስቀድሞ፣ እርሱ የሚተክልበትን ስፍራ የያዝሁት እኔ እሆንን? ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ደብዳቤው በጓሮ አያበቃም። ምርኮኞቹ የሚኖሩባትን ከተማ ሰላም እንዲሹና ስለ እርስዋ እንዲጸልዩ ያዝዛል፤ ሰላማቸው በእርስዋ ሰላም ውስጥ ነውና። አጥራችን ከሙስሊሙና ከኦርቶዶክሱ ጎረቤታችን አጥር ጋር የተያያዘ ነው። የተረፈው ችግኝ በአጥሩ ላይ ይለፍ። የእርሻን ዳርቻ ለድኻና ለመጻተኛ መተው የጥንት ሕግ ነው (ዘሌ. 19፥9-10)፤ ለጎመን መደብም ዳርቻ አለው።

እናንተ ካቴኪስቶች፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር በየጸሎት ቤታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መሬት ያጣው ማን ነው? ጦም ያደረ መሬት ያለው ማን ነው? ዘር የተረፈውስ ማን ነው? ሦስቱን አገናኙ። ዘሩንም በእሑድ ወደ መሠዊያው አምጡት፤ እንባርከዋለን።

ዘርን ለዘሪ የሚሰጥ አምላክ የእጃችንን ሥራ ይባርክ፤ አሜን።