ሥር ማሽና ሥር መርማሪ

«ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» በአማርኛችን የምስጋና ቃል ሆኖ አያውቅም። የባህል ሐኪሙን በጥርጣሬ ዓይን ስናይ የምንጠራበት ነው። እሱም በበኩሉ የሥሩን ስም ከልጁ እንኳ ደብቆ «መድኃኒት ከተነገረ ኃይሉን ያጣል» ይላል። የተማረው ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ በሥሩ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ስሙ ስለተነገረ አይለወጥምና። ግን ኃይሉን የሚያጣው ሥሩ ሳይሆን ተናጋሪው ቢሆንስ?

በላቦራቶሪ የሚሠራውን እንይ። ሥሩ ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በአልኮል ይዘፈዘፋል። ተጣርቶ አልኮሉ ሲተን የሚቀረው የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው። መርማሪው በክሮማቶግራፊ አንዱን ከሌላው ይለያል፤ የትኛው እንደሚፈውስ፣ የትኛው እንደሚመርዝ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሚበቃ ይፈትናል። በቁንጥርና በእፍኝ ለሚሰጥ መድኃኒት ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

በህንድ አገር ለአእምሮ ሕመምና ለእባብ ንክሻ ከጥንት ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ ሥር አለ፤ ሰርፓጋንዳ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1931 ሁለት ህንዳውያን ሐኪሞች ሥሩ የደም ግፊት እንደሚቀንስና በሽተኛን እንደሚያረጋጋ ጻፉ። በ1952 ሲባ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ኬሚስቶች ከዚያው ሥር ሬዘርፒንን ለይተው አወጡ። መድኃኒቱም በዓለም ዙሪያ ተሸጠ። ሥር ነውና ተክሉ ከነነፍሱ እየተነቀለ ከዱር ተመናመነ፤ በመጨረሻም ዓለም አቀፍ ንግዱ በስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ።

«ታዲያ ማን ምን ተሰረቀ?» የሚል አይጠፋም። ኬሚስቶቹ ደክመዋል፤ ሕሙማንም ተጠቅመዋል። እውነት ነው። ነገር ግን ከምድር ሥር ሁሉ የትኛውን፣ ለየትኛው ሕመም ብሎ ማወቅ የመልሱ እኩሌታ ነው። ያን እኩሌታ ያገኙት ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው። ላቦራቶሪ ንጥረ ነገሩን ለይቶ ያወጣል፤ ዕዳውን ግን አያሳይም።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። እንዶድ ፍሬ እንጂ ሥር አይደለም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ከዚያ የተነሣው የቢልሃርዚያ ምርምር ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ታላቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ፤ ይገባቸዋልም። ታሪኩን ስንተርክ ግን ሴቶቹን «ልብስ አጣቢዎቹ» ብለን እናልፋለን።

በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ እንዲካፈል ደንግጓል። መልካም ነው። ጥቅም የሚካፈለው ግን ጥቅም ሲገኝ ነው። ስንቱ ምርምር ገንዘብ ሳይሆን የመመረቂያ ጽሑፍ አስገኝቶ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል! ሥሩን ያሳየው ሽማግሌ የምርመራውን ውጤት ሳይሰማ ይሞታል። ሥሩ ጉበት የሚጎዳ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ወሬው የሚደርሰው ለመጽሔት አንባቢ ነው፤ የሚጠጣው ሰው መጠጣቱን ይቀጥላል።

የሽማግሌውን ዝምታ አላወድስም። ምስጢሩ አብሮት ይቀበራል፤ ስህተቱም ሳይታረም ለወራሹ ይተላለፋል። ነገር ግን «ለምን አትነግረንም?» ከማለታችን በፊት የነገሩንን ሰዎች ምን እንዳደረግናቸው እንጠይቅ። ዕዳው ሁልጊዜ የገንዘብ አይደለም። አንዳንዴ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ወደዚያው መንደር ተመልሶ «አባባ፣ ያሳዩኝ ሥር ውስጥ ያገኘሁት ይህ ነው» ማለት። ይህን ያደረገ መርማሪ ሁለተኛውን ሥር ለመጠየቅ አያፍርም።