የሕዋ መርከብና የእኛ ሰውነት

እህቶቼ፣ ለራስ ገንዘብ ማውጣት ራስ ወዳድነት ነው ወይ? አገር ቤት የሚጠብቅ እያለ ጥርስ መታከም፣ መነጽር መግዛት ነውር ነው? እኔ ይህን ነገር በደንብ እንዳስብ ያደረገኝ የሃይማኖት ትምህርት አይደለም፤ ብትስቁም ሳቁ፣ የልጆች ጨዋታ ነው።

እዚህ ዲራ የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ሐሙስ ማታ ጓደኞቹ ይመጡና መጅሊስ ውስጥ ወረቀት ዘርግተው፣ ሉዶ ላይ የምንወረውረውን ዓይነት ዳይስ እየወረወሩ እስከ ሌሊት ይጫወታሉ። ጨዋታው ትራቭለር ይባላል። ማርክ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው ነው። ተጫዋቾቹ በሕዋ መርከብ ከኮከብ ኮከብ እየዞሩ የሚነግዱ ሰዎች ይሆናሉ። እኔ ተኩስ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሻይ ሳቀርብ ስሰማ ግን ጭቅጭቃቸው ሁሉ የሂሳብ ነው። አንድ ቀን ልጁን ጠየቅሁትና ከድሮው መጽሐፍ እያየ አስረዳኝ። ዕቁብ ጥሎ የማያውቅ ልጅ ስለ ዕዳ ሲያስተምረኝ ሳቄ መጣ።

መርከቧ የምትገዛው በብድር ነው። አንድ አምስተኛው ቅድሚያ ይከፈላል፤ ከዚያ የዋጋው 240ኛ እጅ በየወሩ፣ ለ480 ወር። 40 ዓመት ማለት ነው! ዕዳው ሲያልቅ ከዋጋው እጥፍ በላይ ተከፍሏል። ነዳጅም አለ። የተጣራው በቶን 500 ክሬዲት ነው፣ ያልተጣራው 100። ጨርሶ ገንዘብ የሌለው ከትልልቅ የጋዝ ፕላኔቶች በነጻ ይቀዳል፤ ግን ያልተጣራ ነዳጅ ሞተር ያበላሻል፣ መርከቧንም ወዳላሰበችው ቦታ ሊወስዳት ይችላል። ደግሞ ነዳጁ ራሱ ቦታ ይይዛል። ለአጭሩ ጉዞ እንኳ ከመርከቧ አሥር እጅ አንዱ የነዳጅ ነው፤ እዚያ ላይ ዕቃ አይጫንም።

ይሄኔ የባቲ ሰኞ ገበያ ትዝ አለኝ። የወሎ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ አፋሮች ግመል እየነዱ የሚመጡበትን። ሣር በሌለበት አገር ግመል የምትበላውንም ራሷ ትሸከማለች። የራሷ ድርቆሽ በጨመረ ቁጥር ለባለቤቷ የምትሸከመው ጨው ይቀንሳል። ድርቆሹን አራግፎ በቦታው ጨው የሚጭን ነጋዴ ግን የለም፤ ካለም ሁለተኛ አይነግድም።

ጨዋታው ውስጥ መርከቧ በዓመት አንዴ ሁለት ሳምንት ቆማ ትጠገናለች፣ ከዋጋዋ ሺህኛው እጅ ይወጣል። ሰው ለሚያድርበት ለእያንዳንዱ ክፍል በየሁለት ሳምንቱ 2000 ክሬዲት ይከፈላል፣ ለሚተነፍሰውና ለሚበላው። ደሞዝም አለ። እኔ መቼም የጠየቅሁት የአስተናጋጇን ነው። በወር 3000፣ አብራሪው 6000። ግማሹን ማግኘቷ አይከፋም አልኩት። ትርፍ የሚባለው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው።

የእኛ ግን ተገልብጧል። ደሞዝ ሲገባ መጀመሪያ በትሃ ሄዶ ሀዋላ ነው፣ ቀጥሎ የስልክ ካርድ፣ ለራስ ከተረፈ። እኔ አምና ጥርሴን አራት ወር በክኒን አስታምሜ ገንዘቡን ለታናሽ ወንድሜ ላክሁ። ያልተጣራ ነዳጅ ይሉሃል ይሄ ነው። መጨረሻ ላይ ፊቴ አብጦ ዓይኔ ሲደፈን አንዱ ጥርስ ሦስት ሆኖ ተነቀለ፤ የከፈልኩትም መጀመሪያ ብታከም ከማወጣው የትየለሌ ይበልጣል።

ስለዚህ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ለራሴ ማውጣቴ ለእነሱ ነው፤ እኔ ብሰበር ማን ይልካል? በዚህ መልስ ብዙ ሳምንት ተደስቼ ኖርኩ፣ ለጓደኞቼም አወራሁት።

አንድ ሐሙስ ደግሞ ስለ ድሃ ተሳፋሪዎች ሰማሁ። በዚያው መጽሐፍ ድሃ ሰው 1000 ክሬዲት ከፍሎ፣ ደንዝዞ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ በሣጥን ይጫናል። ሲደርስ ዳይስ ይወረወርለታል፤ የማይነቃ አለ። ተሳፋሪዎቹ ከመተኛታቸው በፊት ስንቶቻችን በሕይወት እንደርሳለን ብለው ይወራረዳሉ። ያሸነፈው ሰው ከሞተ ገንዘቡን ካፒቴኑ ይወስዳል። ልጆቹ ሳቁ፤ ጨዋታ ነዋ። እኔ ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁ። በጅቡቲ በኩል ወጥተው ባሕሩን ያልተሻገሩ የሰፈሬ ልጆች አሉ።

ያን ሌሊት መልሴ አልጥም አለኝ። እኔ ብሰበር ማን ይልካል ማለት እኮ ራስን መርከብ ማድረግ ነው። መርከብ የሚጠገነው ስለሚጭን ነው፤ መጫን ሲያቅተው ለቁራሌው ይሸጣል። ታዲያ እኔ መላክ ያቃተኝ ቀን ጥርሴ መታከም አይገባውም? ታማ ባዶ እጇን የተመለሰችውን፣ ገና ከበር ምን ይዘሽ መጣሽ የተባለችውን እህታችንን በዚህ ሂሳብ አስቧት። ምንም አይደርሳትም። ሰው የሚታከመው ስላመመው ነው። ጥርሴ ካመመኝ ምክንያቱ አልቋል፤ ሌላ ማስረጃ ለምን እፈልጋለሁ?

ይሄ የጠገበ ሰው ወሬ ነው፣ እናቴ መድኃኒት ትፈልጋለች የምትለኝ አለች። እውነቷን ነው። እኔም መላክ አላቆምኩም፣ ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን የመርከቧን ዕዳ የሚጠብቀው ባንክ መርከቧን አይወዳትም። እናቴ ትወደኛለች። ያን ሁሉ ወር ስንደውል «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ስላት፣ ታከሚ ብላ የምትቆጣበትን ዕድል የነፈግኋት እኔ ነኝ። እሷ ሳትጠይቀኝ ባንክ ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓርብ ደወልኩላት። ስለ ጥርሶቼ ሁሉንም ነገርኳት፣ ያበጠውንም፣ የተነቀሉትንም። ትንሽ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማ?» አልኩ።

«በየትኛው በኩል ነው?» አለችኝ።