ፈቃድ ያለው መሣሪያ፤ ፈቃድ የሌለው ቍጣ

አስቀድሞ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18፣ ቍጥር 10 እና 11 ይነበብ።

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ በአንድ እጅ የሚተኰሰውን ትንሹን መሣሪያ በቋንቋችን ሽጉጥ እንለዋለን። ስሙም መሸጐጥ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ጠብመንጃ በትከሻ ይነገታል፤ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ሽጉጥ ግን በኮት ውስጥ ወይም በጋቢ ሥር ይሸጐጣልና ከባለቤቱ በቀር የሚያየው የለም። እንግዲህ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው የሚሸጕጠው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው መሣሪያው ነው፤ ሁለተኛውም መሣሪያውን የታጠቀበት አሳብ ነው። የመጀመሪያውን መንግሥት ይመረምረዋል፤ ሁለተኛውን ግን የሚመረምር ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ከአንተ ጋራ ልንነጋገር የምንወደው ይልቁንም ስለ ሁለተኛው ነው።

አስቀድመን ስለ ሕጉ እንናገር። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ፣ ቍጥር 1177/2012፣ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ እንዳይዝና እንዳይነግድ ይከለክላል። ፈቃዱም የተሰጠው ለሰውየው ነው እንጂ እንደ ሞፈርና እንደ ቀንበር ለጎረቤት የሚዋስ አይደለም። በደብረ ታቦርና በገሳይ፣ በጉናም ተራራ ዙሪያ ባሉት መንደሮች፦ ይህ ምንሽር ከአባቴ የወረስሁት ነው፤ ስለ ምን አስመዘግበዋለሁ? የሚል ሰው አይታጣም። የአባትህን ጀግንነት አንነቅፍም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 13፣ ክርስቲያን ለሕግ የሚገዛው ቅጣትን ፈርቶ ብቻ ሳይሆን ስለ ኅሊናው ጭምር እንደ ሆነ አስተምሯል። መሣሪያውን በጎተራ ሥር የቀበረ ሰው የሌሊት እንቅልፉን አብሮ ቀብሮታል፤ ውሻ በጮኸ ቍጥር ይባንናልና።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የሆነውን ጦርነትና የሕዝቡን መከራ እናውቃለን። ይህ ጽሑፍ በዚያ ነገር ሊፈርድ አልተጻፈም። የተጻፈው በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ከየቤታችን ስለማይጠፋው ጠብ፣ ወንድም በወንድሙ ላይ ስለሚይዘው ቂም ነው።

ፈቃድ ወሰን እንዳለው በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ያውቃሉ። በዚያ አገር ሽጉጥን ሸጕጦ ስለ መሄድ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ሕግ ያወጣል፤ አንዱ የሰጠውን ፈቃድ ሌላው የሚቀበልበት ስፍራ አለ፤ የማይቀበልበትም አለ። በቨርጂኒያ ፈቃድ ያገኘ ሰው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ዋሽንግተን ከተማ ወይም ወደ ሜሪላንድ ቢገባ የቨርጂኒያ ፈቃዱ አያገለግለውም። በወንዙ በዚህ ማዶ በሕግ የታጠቀው ሰው በዚያ ማዶ ሕግ አፍራሽ ይሆናል። ሽጉጡ አልተለወጠም፤ ልቡም አልተለወጠም፤ ወሰን ብቻ ተሻገረ።

ደግሞም የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሽጉጥ ሸጕጦ ለመሄድ ፈቃድ የሚሻውን ሰው፦ ከሌላው ሰው የተለየ ምን የሚያስፈራህ ነገር አለ? ብሎ ምክንያቱን ያስረዳ ዘንድ ያስገድደው ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ማስገደድ ከሕገ መንግሥቱ ጋራ አይስማማም ብሎ ሻረው። እንግዲህ የምድር ዳኛ ምክንያትህን ሳይጠይቅ ሊፈቅድልህ ይችላል። እግዚአብሔር ግን ምክንያትህን ሳይጠይቅ አያልፍህም። የእርሱም ሕግ በወንዝ አይወሰንም፤ በገሳይ የከለከለውን በዋሽንግተን አይፈቅድም።

ከቅዱሳት መጻሕፍት ሁለት ሰዎችን እንመልከት። ኢዮአብ ሰይፉን ይዞ ወደ አሜሳይ ቀረበ። ወንድሜ ብሎ ደኅንነቱን ጠየቀው፤ ሊስመውም ጢሙን ያዘ፤ አሜሳይም በኢዮአብ እጅ ካለው ሰይፍ አልተጠነቀቀምና ወዲያው ሞተ። ኢዮአብ የጦር ሰው ነበረና ሰይፍ መያዝ የተፈቀደለት ነበረ። ፍቅርን መስሎ ሞትን መሸጐጥን ግን ማንም አልፈቀደለትም። አንባቢ ሆይ፤ በገበያ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጉንጩን የምትስመው፣ እጅህም በጋቢህ ሥር መሣሪያውን የሚዳስስበት ሰው አለን? እንግዲያውስ የኢዮአብ ወንድም ሆነሃል።

ሁለተኛው ጴጥሮስ ነው። በዚያች ሌሊት በደቀ መዛሙርት ዘንድ ሁለት ሰይፎች እንደ ነበሩ ሉቃስ ጽፏል። ጌታም ይህን ያውቅ ነበር። ጴጥሮስ ሰይፉን መዝዞ የማልኮስን ጆሮ በቈረጠ ጊዜ ግን ወደ ሰገባው እንዲመልሰው አዘዘው፤ የጠላቱንም ጆሮ ዳስሶ ፈወሰ። ከሞቱ በፊት እጆቹ የሠሩት የመጨረሻው ፈውስ የወዳጁ ሰይፍ ያቈሰለውን ሰው ማዳን ሆነ። ከዚህ በኋላ የሆነውን አስተውል። ጭፍራ ሳይፈራ ሰይፍ የመዘዘው ጴጥሮስ በዚያችው ሌሊት በአንዲት ገረድ ፊት ፈርቶ ጌታውን ካደ። ሰይፍ ልብ አይሆንም። ድፍረትን ከመሣሪያ የሚፈልግ ሰው መሣሪያው በማይረዳበት ስፍራ ባዶውን ይቀራል።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋትም ለዚህ ምስክር ናት። ከስዊስ አገር፣ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የተላኩ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች መጽሐፍ ቅዱስን ሊያስተምሩ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወደ አገራችን መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። አናውቅም ቢሉም አልቀረላቸውም፤ ሞከሩ፣ ተበላሸባቸው፣ እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በጋፋት አወጡ። ክብደቱ ወደ 7 ሺህ ኪሎ ነው ይባላል። የመጡበት ሥራ ሌላ፣ የታወቁበት ሥራ ሌላ ሆነ። በ1860 ዓ.ም. ሠራዊቱ ገደል እየናደና መንገድ እየጠረገ መድፉን ለብዙ ወራት ወደ መቅደላ ጐተተው። ያ ሁሉ ድካም ግን ንጉሡን አላዳነም፤ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ። የሞቱበትም ሽጉጥ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በወዳጅነት የላከችላቸው ስጦታ እንደ ነበረ ይነገራል። እኛ በእርሳቸው አንፈርድም፤ አገራቸውን የወደዱ ታላቅ ንጉሥ ነበሩና። ነገር ግን ትምህርቱን እንቀበል፤ መሣሪያውን የምንሸከመው እኛ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን እርሱ እኛን ወዳላሰብነው ይጐትተናል።

አሁን ፈቃድ ይዘህ መሣሪያ በቤትህ ያለህ ወንድሜ ሆይ፤ የክርስቲያን ጠባይ ምን እንደ ሆነ ስማ።

መጀመሪያ፣ መሣሪያህን ጠብቅ። በሙሴ ሕግ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ተዋጊ መሆኑ የታወቀ በሬ ያለውም ሰው ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድልበት ባለቤቱ ተጠያቂ ነበር። ጥይት የጐረሰ ሽጉጥ ከትራስ ሥር ትቶ የሚወጣ አባት መከታ የሌለው ጣራ ሠርቷል። ልጅ ቃታውን የሚስበው በጨዋታ ነው፤ ጥይቱ ግን ጨዋታ አያውቅም። መሣሪያውን ከጥይቱ ለይተህ ቈልፈህ አኑር፤ ቍልፉንም ከልጅ እጅ አርቅ።

ሁለተኛ፣ ወደ መጠጥና ወደ ደስታ ይዘኸው አትሂድ። በሠርግና በለቅሶ ወደ ላይ መተኰስ በብዙ ስፍራ እንደ ክብር ይቈጠራል። ወደ ሰማይ የተተኰሰ ጥይት ግን በሰማይ አይቀርም፤ ተመልሶ የሚወርድበትን ራስ አንተ አልመረጥህም፤ ደሙ ግን ያንተ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች፤ ከአፈ ሙዝ የወጣውንማ ማን ይመልሰዋል? ጠላም ጠጅም ወዳለበት ስትሄድ መሣሪያህ በቤት ይዋል።

ሦስተኛ፣ ወደ ክርክር ይዘኸው አትቅረብ። የድንበር ነገር፣ የውርስ ነገር፣ የውኃ ነገር በሽማግሌ ፊት ሲታይ ሽጉጥ የሸጐጠ ሰው ምንም ባይናገር እንኳ ሸንጎውን ያስፈራራል። እውነት በእጅህ ካለች ስለ ምን ብረት ትጨምርባታለህ?

አራተኛ፣ እጅግ የሚከብደው ይህ ነው። ወንድምህ ተገድሎብህ እንደ ሆነ፣ ፈቃዱን ያወጣኸው ስለ ቤትህ ጥበቃ ነው ብለህ በጽሕፈት ቤት ተናግረህ ይሆናል፤ በልብህ ግን የአንድ ሰው ስም ተጽፏል። ጸሓፊው ያንን ስም አላነበበም፤ እግዚአብሔር ግን አንብቦታል። በእስራኤል ሳያስበው ሰው የገደለ ሰው ከደም መላሽ እንዲያመልጥ 6 የመማፀኛ ከተሞች ተለይተው ነበር፤ ይህም በቍጣና በፍርድ መካከል ጊዜ እንዲገባ ነው። በእኛም አገር ደም አድራቂ ሽማግሎች አሉ። ደመኛህን ለፍርድ ቤት አሳልፈህ ስጥ፤ ሽማግሎችንም በመካከል አስገባ። ይህን ማድረግ ወንድምህን መርሳት አይደለም፤ ለወንድምህ ልጆች ሁለተኛ ለቅሶ አለመጨመር ነው።

አንተ ግን፦ ወንበዴ በሌሊት ቢመጣብኝስ? ትለን ይሆናል። ጥያቄህ እውነተኛ ነውና አንንቀውም። ነህምያ ቅጥሩን ሲያሠራ ሠራተኞቹ በአንድ እጃቸው ይሠሩ፣ በሌላው መሣሪያ ይይዙ ነበር። የሙሴም ሕግ ቤት ሲሰብር በሌሊት ስለ ተመታው ሌባ የቤቱን ባለቤት በደም አይከሰውም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ይከሰዋል። ልዩነቱን አስተውል፤ በጨለማ የሚከላከል ሌላ ነው፤ በቀን ብርሃን ፊቱን እያየ የሚበቀል ሌላ ነው። እንግዲህ ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ፤ ሽጉጥህን ስትዳስስ በዓይነ ልቡናህ የሚታይህ ማን ነው? የማታውቀው ወንበዴ ነውን? ወይስ ስሙን የምታውቀው ሰው? ስሙን የምታውቀው ከሆነ ችግርህ ጥበቃ አይደለም፤ ቂም ነው። ለቂምም በምድር ላይ ፈቃድ የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት የለም።

አንቺም እናቴ፣ አንቺም እኅቴ ሆይ፤ በለቅሶ ጊዜ የምትናገሪው ቃል የወጣቱን እጅ ወደ መሣሪያ ሊልከው ወይም ሊመልሰው ይችላል። ያልተበቀለውን ልጅ ፈሪ ብለሽ አትስደቢው። የተማራችሁ ወጣቶችም ሆይ፤ መጽሐፍ በያዘ እጅ ሽጉጥ መጨመር ጎበዝ አያሰኝም። ወንድሞቻችሁ የሕጉን ቃል እንዲረዱት አንብባችሁ አስረዷቸው፤ ፈቃድ የሌለውም በሕግ መንገድ እንዲያስመዘግብ ምከሩት።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፤ ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት ሁለት ነገር አድርግ። መሣሪያህን ከተቀመጠበት አውጥተህ ጥይቱን ለይና ቈልፈው። ከዚያም በልብህ የሸጐጥኸውን ስም በእግዚአብሔር ፊት አውጣው። ነገ በመንገድ ብታገኘው እጅህ ባዶ ሆኖ ሰላም ልትለው ትችል እንደ ሆነ ጠይቅ። አልችልም ብትል እንዲህ ብለህ ጸልይ፦

አቤቱ ጌታ ሆይ፤ የማልኮስን ጆሮ የፈወስህ፣ የጴጥሮስንም እጅ የመለስህ አንተ ነህ። የእኔንም እጅ መልስ። ለመንግሥት ያሳየሁትን ወረቀት ሳይሆን ለማንም ያላሳየሁትን ልቤን ተመልከት። ቂሜን ከእኔ ውሰድ፤ የምጠላውንም ሰው ከእጄ አድን፤ እኔንም ከራሴ አድነኝ። አሜን።