«አልችልም» ብሎ መፈረም

የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ መሥራት ላቃተው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ዲስአቢሊቲ አይሰጥም። ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የቆየ፣ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ፣ አለዚያም ለሞት የሚያደርስ መሆን አለበት። የእህቴ ልጅ የማመልከቻውን ወረቀት ወደ አማርኛ እየመለሰች ስታነብልኝ እዚህ ላይ ስትደርስ አስቆምኳት። ጠዋት በባዶ ሆዴ ጸበል የምጠጣ፣ ማታ ጉልበቴን እምነት የምቀባ ሴት ነኝ። እንዲህ እያደረግሁ የዛሬ ዓመትም እንዲሁ ነኝ ብዬ ልፈርም? ይኼ እግዚአብሔርን «እስከዚያ አታድነኝም» ማለት አይሆንም?

«አክስቴ፣ ሐኪሙ ምን ይገምታል ነው ያሉት፤ እግዚአብሔር ምን ያደርጋል አላሉም» አለችኝ።

ነርስነት የምትማር ልጅ ናት፤ መልስ አያጣትም። እኔ ግን ነገሩን ለብቻዬ ሳብላላው ሰነበትኩ። በመጨረሻ ያሳረፈኝ እዚያው ሕጉ ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው። ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ፋይሉ ተዘግቶ አይቀመጥም። ሊሻለው ይችላል የተባለ ሰው በ3 ዓመት ገደማ፣ ለውጥ የማይጠበቅበት ደግሞ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይታያል። በመሀሉ የተሻለው ሰው ራሱ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እንግዲህ ከዳንኩ ደውዬ «ድኛለሁ» እላለሁ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስለ ጸበል አስበው እንደሆነ እንጃ፤ ለተአምር ግን በር ትተዋል።

58 ዓመቴ ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ነበር። በሁለቱም ጉልበቶቼ ውስጥ አጥንትን ከአጥንት የሚለየው ልስልስ ነገር አልቋል። ሐኪሞቹ አርትራይተስ ይሉታል። ሃውስኪፒንግ ማለት ወፍራም ፍራሽ በአንድ እጅ ቀና አድርጎ በሌላው አንሶላ መወሸቅ፣ የመታጠቢያ ገንዳ ለመፈተግ መንበርከክ፣ በፎጣ የተሞላ ጋሪ ምንጣፍ ላይ መግፋት ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ሲጠቀምበት የኖረው፣ ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1991 የታደሰው የሥራዎች መዝገብ ግን ይህንን ሥራ «ቀላል» ከሚላቸው ጋር መድቦታል። መዳቢው አንድ ቀን እንኳ አልጋ ያነጠፈ አይመስለኝም። ቀላል ሥራ ማለት ቢበዛ 20 ፓውንድ ማንሳት፣ ከ8 ሰዓት ውስጥ ደግሞ 6 ሰዓት ያህል በእግር መዋል ነው። ተቀምጦ የሚሠራ የሚባለው ከ2 ሰዓት በላይ መቆም አይጠይቅም። 55 ዓመት ላለፋትና ልዩ ሙያ ለሌላት እንደ እኔ ላለች ሴት፣ ነገሩ የሚወሰነው በእነዚህ በ2ና በ6 መካከል ነው። ስድስት ሰዓት ትቆማለች ከተባልኩ «የድሮ ሥራሽን ሥሪ» ነው መልሱ። ተቀምጣ ከመሥራት በቀር አትችልም ከተባልኩ ደግሞ ሕጉ ዕድሜዬን ቆጥሮ ወደ እኔ ያጋድላል።

ስለዚህ ፎርሙ ላይ «ሳያርፉ ምን ያህል መንገድ ይሄዳሉ? ካረፉ በኋላ እንደገና ለመሄድ ስንት ጊዜ ይፈጅብዎታል?» የሚለው ጥያቄ ሰላምታ አይደለም። እኔ ደግሞ ስለ ሰውነቴ የተጠየቅሁትን ሁሉ እንደ ሰላምታ መመለስ የለመድኩ ነኝ። እንዴት ነሽ? እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበትሽስ? ተመስገን፣ ይሻለኛል። እናቴ በሞት አፋፍ ላይ ሆና እንኳ ከዚህ ሌላ መልስ አልሰጠችም። «ክፉ ነኝ» ማለት በእኛ ቤት ከስድብ የሚቆጠር ነበር።

በ21 የማርያም ማኅበር አለን። ፎርም እየሞላሁ መሆኔን ሳወራ አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ እንደ እናት የማያት ሴት ጽዋዋን አስቀምጣ፣ «ልጄ፣ በራስሽ ላይ አታሟርቺ። እግር እያለሽ እግር የለኝም ብለሽ በእጅሽ አትጻፊ» አለችኝ። ክፋት የላትም። አፍ ያወጣውን ሰይጣን ይሰማል ብላ ያደገች ናት፤ እኔም እንዲያው ነው ያደግሁት። ደግሞም ከኋላው ከበድ ያለ ጥያቄ አለበት፤ በየቀኑ «ተመስገን» የሚል አፍ፣ ስምንት ገጽ ሙሉ «አልችልም» ሲል ቢውል የቱ ነው እውነቱ?

እኔ ሁለቱም ነው ባይ ነኝ። እግዚአብሔርን የማመሰግነው ጉልበቴ ስለዳነ ቢሆን ኖሮ በእርግጥ አንዱ ሌላውን ያፈርሰው ነበር። ነገር ግን ያልዳነ ሰው ማመስገን አይችልም ያለ አባት አልሰማሁም። ምስጋና በሆነውም ባልሆነውም ነው። ፎርሙ የሚፈልገው ምስጋና ሳይሆን ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ ያየውን ማሳመር አይፈቀድለትም፤ ለዳኛው ክብር ብሎም ቢሆን።

«አልችልም» የሚለውን ቃል ከዚህ ቀደም ያለ አንዳች ሐፍረት የተናገርኩበት ቦታም አለ። ንስሐ አባቴ ቀኖና ከመስጠታቸው በፊት «ምን ያህል ትችያለሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። ድሮ አርባ አንድ ስግደት ሲሉኝ እሺ ብዬ እወጣ ነበር። ጉልበቴ ከተያዘ በኋላ ግን ሲጠይቁኝ፣ «አባቴ፣ አንድም አልችልም። ብወርድ አልነሣም» አልኳቸው። «እንግዲያው ወንበር ላይ ሆነሽ ራስሽን ዝቅ አድርጊ፤ ለቀረው ዳዊት ጨምሪበት» አሉኝ፤ በዚያው አለቀ። እምነትሽ ጎደለ አላሉኝም። ጥፋት የሚሆንብኝ ዝም ብል ነበር። አርባ አንዱን ተቀብዬ ሳልፈጽም ብቀር በኃጢአቴ ላይ ዕዳ እጨምር ነበር፤ ለእሳቸውም ልጃቸውን ሳያውቁ ሸክም እንዲጭኑባት አደርጋቸው ነበር። ጾሙም ለታመመ የሚቀልለው በዚሁ መንገድ ነው፤ የታመመው ታምሜያለሁ ሲል። ቤተ ክርስቲያናችን ሸክም ስታካፍል የኖረችው ሰው አቅሙን በትክክል ይናገራል ብላ ነው። በቢሮ በኩል የሚመጣው ጥያቄ ጨዋነት ይጎድለው ይሆናል እንጂ በመሠረቱ ያው ነው።

የዓቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዚያ ቀን የሚነበበው 38 ዓመት ታምሞ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ ስለነበረው ሰው ነው። ሰባክያኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚያተኩሩት በመጨረሻው ታሪኩ ላይ ነው፤ ያዳነውን ጌታ በጥፊ መታው በሚለው። ስለዚህ መጻጉዕ ለእኛ የውለታ ቢስ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። እኔን ግን በዚህ ዓመት የያዘኝ ከመዳኑ በፊት የሰጠው መልስ ነው። ጌታ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። ማንም ቢሆን አዎን ይላል ብለን እንጠብቃለን። እሱ ግን አዎንም አይደለምም አላለም። ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ እሱ እየተንፏቀቀ ሳለ ሌላው ቀድሞት እንደሚገባ ነው የተናገረው።

ይህን ማጉረምረም ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን ፎርሙን የሞላ ሰው መልስ ነው የሚመስለኝ። ምን ያህል መሄድ ይችላል፣ ረዳት አለው ወይ፣ በርቀቱና በፍጥነቱ ምክንያት ምን ይቀርበታል፤ ሁሉንም ተናግሯል። ምኞቱን ተጠይቆ ሁኔታውን መለሰ። የሚገርመኝ ጌታ አለመገሠጹ ነው። እምነትህ የት አለ አላለውም፤ መጀመሪያ አመስግን አላለውም። የሰማውን እንደሰማ ተቀብሎ አስነሣው። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር፣ እንከኑን በዝርዝር የተናገረ ሰው በእግዚአብሔር ፊት አሳፋሪ እንዳልሆነ ነው። ጥፊው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ከዳነ በኋላ የመጣ ነው።

በዚህ ክርክሬ ላይ የሚነሣብኝ ከባዱ ተቃውሞ ከማኅበርተኛዬ አይደለም፤ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ነው። ሥዕላቸውን ያየ ያውቃል። ለጸሎት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ፣ በቀረው እግር ቆመው ጸለዩ። ጥር 24 ሰባረ ዐጽማቸው ብለን እናከብራለን። እንዲህ ያለ አባት ያላት ልጅ ጉልበቷ ስለታመመ ወንበር ትጠይቃለች? ብዙ አስቤበታለሁ። ጻድቁ ያንን ተጋድሎ የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ የቆሙትም በእግዚአብሔር ፊት ነው። እኔ የቆምኩት በአልጋና በአልጋ መሀል ነው፤ ያቆመኝም የቤት ኪራይ ነው። ጽድቅ ፍራሽ ከማንሣት ጋር የተያያዘ እንደሆነ ያስተማረኝ የለም። ደግሞ የእሳቸውን ልጆች ለማቆም ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ሰጥታለች። ረጅሙን ቅዳሴና ማኅሌት ያለ እርሱ የሚዘልቀው ጥቂት ነው፤ ካህናቱ ራሳቸው ይደገፉበታል።

መደገፉን የሸሸገ ትልቅ ሰውም አለ። ዋሽንግተን ውስጥ የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መታሰቢያ ይገኛል። የሶሻል ሴኩሪቲን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1935 የፈረመው እሱ ነው። በ1921 በያዘው ሕመም ምክንያት ያለ ድጋፍ መራመድ አይችልም ነበር፤ ሕዝብ ፊት ግን በእግሮቹ ላይ ብረት አስሮ፣ የሰው ክንድ ይዞ ቆሞ ነው የሚታየው። መታሰቢያው በ1997 ሲከፈት ትልቁ ሐውልት ወንበሩን በካባ ሸፍኖት ነበር። አካል ጉዳተኞች ተቃውመው፣ በ2001 በተሽከርካሪ ወንበር ላይ በግልጽ የተቀመጠበት ሌላ ሐውልት መግቢያው ላይ ተጨመረ። ለሠራተኛ የሚከፈለው ዲስአቢሊቲ በ1956 የመጣው በሌላ ፕሬዚዳንት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያም ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑት ብቻ ነበር። ሩዝቬልት ሕመሙን ለምን እንደሸሸገ ይገባኛል። በእናቴ ቤት ቢያድግ ኖሮም እንዲያው ነበር የሚያደርገው።

«ይኼማ ያው ምጽዋት ነው» የሚለውን ወሬ በአጭሩ ልለፈው። ከእያንዳንዱ ቼኬ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 ከመቶ ተቆርጧል፤ አሠሪዬም ያንኑ ያህል ከፍሏል። ካለፉት 10 ዓመታት አምስቱን ያህል ሠርቶ ያልከፈለ በእኔ ዕድሜ ለዚህ ክፍያ አይበቃም። እድር ነው። ለእድር ሲያዋጣ ኖሮ የደረሰበትን ሰው የኔ ቢጤ የሚለው የለም። ልዩነቱ፣ እድር ማስረጃ አይጠይቅም፤ ሬሳው ራሱ ማስረጃ ነው። ጳውሎስም አይብላ ያለው መሥራት የማይወደውን ነው፤ ስለማይችለው አልተናገረም።

እኔን ያስቸገረኝ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። ሰውነት በየቀኑ አንድ ዓይነት አይደለም። ደህና ቀን አለኝ፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ደብሩ በር ሳልቆም እደርሳለሁ። መጥፎ ቀን ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ እየያዝኩ ነው የምሄደው። አንድ የሠፈር ሰው፣ በወዳጅነት ነው፣ «መጥፎ ቀንሽን ብቻ ጻፊ፤ ሐኪም ጋ ስትሄጂም ምርኩዝ ያዢ» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ይመክራል። በሐሰት መመስከርን የከለከለው ትእዛዝ ግን በራሴ ላይ ከምመሰክረው የተለየ አንቀጽ የለውም። መጥፎውን ቀን ብቻ ብጽፍ ዋሸሁ፤ ደህናውን ብቻ ብጽፍም ዋሸሁ። ሁለተኛው ውሸት ትሕትና ስለሚመስል ይበልጥ ያታልላል። ሁለቱንም አስጻፍኩ። በሳምንት ውስጥ የትኛው እንደሚበዛም አስጻፍኩ፤ መጥፎው ይበዛል።

ፎርሙ ከሕመሙ በፊት ይችሉት የነበረውን፣ አሁን ግን የማይችሉትን ነገር ይጠይቃል። «የስቅለት ስግደት» አልኩ። «አክስቴ፣ ለሥራ ጉዳይ እኮ ነው» አለች ልጅቷ። ሥራ ብቻ ብለው አልጠየቁም፣ ጻፊ አልኳት። ጻፈችው።

የሶሻል ሴኩሪቲ ሰዎች የራሳቸው ሐኪም እንዲያየኝ ቀጠሮ ከሰጡኝ እሷ ልትተረጉምልኝ ፈልጋ ነበር። ሶሻል ሴኩሪቲ አስተርጓሚ በነጻ ይመድባል፤ በአማርኛም ይገኛል። እሱን እንደምጠይቅ ስነግራት ተቀየመች። «ከእኔ በላይ የሚያውቅሽ ማን አለ?» አለችኝ።

«ለዚያ ነው እኮ» አልኳት። «ስታመም የምታለቅሺ አንቺ ነሽ፤ አምስት ደቂቃ ስል አንቺ ሁለት ትያቸዋለሽ። የማያውቀኝ ሰው ይተርጉም።»