ያልተሰጠው ቁጥር

በአንድ ድፍን ሉል መሐል ለመሐል፣ ከወዲህ እስከ ወዲያ፣ 6 ኢንች ርዝመት ያለው የሲሊንደር ቅርጽ ቀዳዳ ተሰርስሯል። ከሉሉ የተረፈው ይዘት ምን ያህል ነው?

ማርቲን ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ለእንቆቅልሽ ወዳጆች ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው። ካልኩለስን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲል የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚያደርገው የጎደለውን መፈለግ ነው። የሉሉ ስፋት የታለ? የቀዳዳውስ? ደግሞ 6 ኢንች የተባለው ከየት እስከ የት ተለክቶ ነው? መሰርሰሪያው ሉሉን ከነካበት በወዲያኛው በኩል እስከ ወጣበት ድረስ ከሆነ፣ 6 ኢንች የሉሉ ዳያሜትር ነው፤ የቀዳዳው ስፋት ስላልታወቀ ግን መልስ የለም። ሥራው ካለቀ በኋላ የቀረውን የቀዳዳ ግድግዳ ለክተን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከላይና ከታች ያሉት የሉሉ አናቶች አብረው ተቆርጠው ስለሚወጡ ግድግዳው ከዳያሜትሩ ያጥራል።

በሁለተኛው አነባበብ እንሂድ። ሉሉን ከመሐሉ በተወሰነ ከፍታ ላይ በአግድም ብንቆርጠው የሚታየን ቀለበት ነው፤ ትልቁ ክብ ከሉሉ፣ ትንሹ ከቀዳዳው ይመጣል። የትልቁ ሬዲየስ ካሬ፣ የሉሉ ሬዲየስ ካሬ ሲቀነስ የከፍታው ካሬ ነው። ግድግዳው ከመሐል ወደ ላይ 3፣ ወደ ታችም 3 ኢንች ስለሚሄድ የትንሹ ሬዲየስ ካሬ ደግሞ የሉሉ ሬዲየስ ካሬ ሲቀነስ 9 ነው። አንዱን ከሌላው ስናነሳ የሉሉ ሬዲየስ ከሁለቱም ወገን ይጠፋል። የቀለበቱ ስፋት ፓይ ሲባዛ በ9 ሲቀነስ የከፍታው ካሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከታች እስከ ላይ ኢንተግራሉን ብንሠራ 36 ፓይ፣ ማለትም 113 ኪዩቢክ ኢንች ያህል እናገኛለን። ሉሉ ሐብሐብ ቢያክል ምድርን ቢያክል ያው ነው። ምድርን ቢያክል የሚተርፈው በወገቧ ዙሪያ የሚዞር 6 ኢንች ከፍታ ያለው ቀለበት ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ናኖሜትር እንኳ አይሞላም፤ ይዘቱ ግን ያው 113 ኪዩቢክ ኢንች ነው። ይህን ደጋግሜ ሳስበው መደነቄ አልቀነሰም።

የአስታውንዲንግ ሳይንስ ፊክሽን አዘጋጅ የነበረው ጆን ካምቤል ግን ከዚህ ስሌት አንዱንም አልሠራም። ያሰበው እንዲህ ነው፦ ጥያቄው አንድ መልስ ባይኖረው ኖሮ አይጠየቅም ነበር፤ የቀዳዳው ስፋት ስላልተነገረ መልሱ በእርሱ ላይ አይመሠረትም ማለት ነው፤ እንግዲያው ቀዳዳው እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ይጥፋ። ያኔ የሚቀረው ዳያሜትሩ 6 ኢንች የሆነ ሙሉ ሉል ነው። ይዘቱ 36 ፓይ።

መልሱ ትክክል ነው። ግን ካምቤል ምን አወቀ? ስለ ሉሉ ምንም አላወቀም ባይ ነኝ። ያወቀው ስለ ጠያቂው ነው፤ ጠንቃቃ መሆኑን አመነ፣ እምነቱም አላሳፈረውም። አንዲት ቃል ብንለውጥና ከይዘቱ ፈንታ የተረፈውን አካል የገጽ ስፋት ብንጠይቅስ? በዚያው መንገድ ቀዳዳውን ብናጠፋው የሉሉ የገጽ ስፋት አሁንም 36 ይመጣል፤ 36 ፓይ ካሬ ኢንች። ይህ ግን ሐሰት ነው። የውጪውና የውስጡ ገጽ ድምር 12 ፓይ ሲባዛ በሁለቱ ሬዲየሶች ድምር ስለሆነ ሉሉ በሰፋ ቁጥር እርሱም ይሰፋል። ኢንተግራሉን የሠራ ሰው ይህን ልዩነት ወዲያው ያያል፤ በእምነት ብቻ የሄደው አያይም።

ስለዚህ ካምቤልን ልንንቀው ነው? አይደለም። ኢንተግራሉን የሠራውም ሰው እርሳሱን ከማንሳቱ በፊት አምኗል። ከሁለቱ አነባበቦች አንዱን የመረጠው መልስ የሚሰጠው እርሱ በመሆኑ ነው። ማንም ሰው የሌላውን ንግግር ሲሰማ መጀመሪያ የሚፈልገው ትርጉም የሚሰጠውን ፍቺ ነው፤ ያለዚህ ጥያቄ መስማት ራሱ አይቻልም። የሁለቱ ልዩነት አንደኛው ያመነውን በኋላ በስሌት መመርመሩ ነው። ተፈታኝ ለዚህ ጊዜ የለውም፤ አራሚው ምን እንደፈለገ ገምቶ ማለፍ ግዴታው ነው። ለፍቅሩ የሚሠራ ሰው ግን አራሚም ደወልም የለበትም፤ ሸክሙ ሁሉ የራሱ ነው። ከቁጥሩ በላይ «ርዝመቱን በግድግዳው ለክቼ» ብሎ ካልጻፈ ሥራውን ጨርሷል ለማለት ይቸግረኛል።

ይህ ይበልጥ የሚታየው መልስ ሲጠፋ ሳይሆን ሲበዛ ነው። ፈረንሳዊው ጆሴፍ በርትራንድ እ.ኤ.አ. በ1889 እንዲህ ጠየቀ፦ በአንድ ክብ ላይ በዘፈቀደ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መስመር ብናሰምር፣ በክቡ ውስጥ ልክክ ብሎ ከሚገባው ጎነ እኩል ሦስት ማዕዘን ጎን የመርዘም ዕድሉ ስንት ነው? የመስመሩን ሁለት ጫፎች በጠርዙ ላይ በዘፈቀደ ከመረጥን አንድ ሦስተኛ። ከመሐል ያለውን ርቀት ከመረጥን ግማሽ። የመስመሩን አጋማሽ ነጥብ በክቡ ስፋት ውስጥ ከመረጥን አንድ አራተኛ። ሦስቱም ስሌቶች እንከን የላቸውም። መልስ የሚሰጠውን አነባበብ ምረጥ የሚለው ደንብ እዚህ አያድንም፤ እንደ አንድምታ መምህር ሦስቱን ከነፍቺያቸው ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይሻላል።

ፊዚክስ አዋቂው ኤድዊን ጄይንስ ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ግማሽ ነው ብሎ ተከራከረ። ጥያቄው የክቡን መጠንም ሆነ የቆመበትን ቦታ አይናገርም፤ ስለዚህ መልሱ በእነዚህ ላይ ሊመሠረት አይገባም፤ ይህን የሚያሟላው ደግሞ ግማሽ ብቻ ነው አለ። የካምቤል አካሄድ ነው፤ ከተነገረው ሳይሆን ካልተነገረው ይነሣል። ጄይንስ ግን ዝምታውን እንዴት እንዳነበበው በግልጽ ጽፎ፣ ያ አነባበብ ምን እንደሚያስከትል ደረጃ በደረጃ አሰላ። በአነባበቡ የማይስማማ ሰው የትኛው መስመር ላይ እንደሚለየው ጣቱን አስቀምጦ ማሳየት ይችላል፤ ከዚያ ወዲህ የተነሡበት ተቃዋሚዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።